ጋሼ ነመራና የቸኮሉ እንግዶች

መቱ ለሥራ የሚመጣ እንግዳ ሁሉ አንድ ጥያቄ ነበረው። ጉዳዩን ጨርሶ፣ የጭነት መኪናው እስኪሞላ ወይም ጎሬ ላይ አውሮፕላኑ እስኪያርፍ አንድ ቀን ሲተርፈው፣ «እዚህ አካባቢ በአንድ ቀን ደርሶ መመለሻ ምን አለ?» ይላል። ያን ጊዜ፣ በሃምሳዎቹ መጀመሪያ፣ የዚህ ጥያቄ መልስ ቦታ ሳይሆን ሰው ነበር። «ጋሼ ነመራን ጠይቅ» ይባላል።

ጋሼ ነመራ ቡሊትና ዳሚት የሚባሉ ሁለት በቅሎዎች ነበሯቸው። ሁሩሙን በገበያ ቀን፣ ቡሬን መንገዱ ሲደርቅ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በበቾ በኩል የሶር ወንዝ ፏፏቴን በአንድ ቀን አሳይተው የሚመልሱ እሳቸው ነበሩ። ደስ ብሏቸው የወሰዱት እንግዳ ግን አንድም የለም። እያጉረመረሙ ይጭናሉ፣ እያጉረመረሙ ይመራሉ፣ እያጉረመረሙ ይመልሳሉ። ጎረቤታቸው ስለ ነበርኩ ጠዋት ጠዋት የምነቃው ማጉረምረማቸውን ከአጥር ማዶ ሰምቼ ነው። ዶሮ እንኳ አንዳንድ ቀን ይዘላል፤ እሳቸው ዘልለው አያውቁም።

መጀመሪያ የእንግዳ መሪ አልነበሩም። በጠላት ጊዜ፣ ገና ወጣት ሳሉ፣ ጫካ ለነበሩት አርበኞች መልእክት ያመላልሱ ነበር ይባላል። ሲጠየቁ ግን «እግሬን አሳበጠኝ እንጂ ምን አመጣልኝ!» ብለው ያልፉታል። ከነጻነት በኋላ ከጎሬ ተነሥተው፣ በቡሬ አድርገው፣ ጋምቤላ ወንዝ ዳር ድረስ በበቅሎ ቡና ያወርዱ ነበር። ኋላ የጭነት መኪና መጣና ሥራውን ወሰደባቸው። ከነበሯቸው በቅሎዎች ሁለቱ ቀሩ። በቡናው ፈንታ ሰው መጫን ጀመሩ።

«ዕድሜዬን ሙሉ ቡና ጫንኩ» ይሉኝ ነበር። «አንድም ጆንያ ‹ስንት ቀረን?› ብሎ ጠይቆኝ አያውቅም። አንድም ጆንያ ‹ወገቤን› አላለኝም። ደግሞ ጆንያ ሥራ አይበዛበትም!»

ከሁሉ የሚያንገበግባቸው ይኸው ሥራ የሚበዛበት እንግዳ ነበር። «አይቸኩሉም እኮ» ይላሉ፤ «ያቻኩላሉ እንጂ። ሲሄዱ መድረሻ ያሳጡሃል። ከደረሱ በኋላ ደግሞ በመጥረቢያ ካልፈለጥካቸው አይነቀሉም።»

አሁን የማወራው በአንድ የጥቅምት ሐሙስ ስለ ሆነው ነገር ነው። መንገድ ላይ የሆነውን ከራሳቸው ደጋግሜ ሰምቻለሁ፤ ደጋግመው ያልተነጫነጩበት ነገር የለምና። ቤት የሆነውን ደግሞ እዚያው ቆሜ አይቻለሁ።

ዓያንቱ የምትባል አንዲት ልጅ ነበረቻቸው። ያደታ የሚባል የሁሩሙ ልጅ፣ በገበያ ቀን መቱ መጥቶ ከሀጂ ሰማን ሱቅ በረንዳ ላይ ልብስ የሚሰፋ፣ ሽማግሌ ልኮባት ነበር። ዓያንቱ ያደታን ትወደዋለች። ይህን እናቷ እትዬ ዋሪቱ ያውቃሉ፣ ሀጂ ሰማን ያውቃሉ፣ እኔም አውቃለሁ። አባቷ ይወቁ አይወቁ ግን ማንም አያውቅም።

በእኛ ሰፈር ልማድ ሽማግሌ ሦስት ጊዜ ይመጣል። ሁለት ጊዜ ደጅ ቆሞ፣ «እንመክርበታለን» ተብሎ ይመለሳል። በሦስተኛው የልጅቱ አባት «ተቀመጡ» ካለ ልጁን ሰጠ ማለት ነው። ዝም ካለ፣ ወይም ከቤቱ ካልተገኘ፣ ከለከለ። ፀሐይ ከገባች በኋላ የልጅ ነገር አይነሣም። አራተኛ ጊዜ የሚባል ነገርም የለም። ያ ሐሙስ ሦስተኛው ቀን ነበር።

ጋሼ ነመራ ሊሰጡ ቆርጠዋል። ለማን ነገሩ? ለማንም። ደስ የሚል ነገር ከአፋቸው ማውጣት አይሆንላቸውም ነበር።

ጠዋት፣ ገና ጉሙ ሳይገለጥ፣ ሀጂ ሰማን መጡ።

«ነመራ፣ እንግዳ አለብኝ።»

«እኔም ሽማግሌ አለብኝ።»

«አውቃለሁ። ያ ለማታ ነው፤ ይኼ ለጠዋት ነው።»

«ወዴት?»

«ሶር።»

«ኤጭ! ሶር ተደርሶ የሚመለስበትን ጠዋት እግዜር አልፈጠረም።»

«ስማኝ እንጂ። ከአዲስ አበባ የመጣ የቡና ገዢ ነው። ዛሬ ዝም ብሎ ከዋለ የጎሬዎቹ ነጋዴዎች ከእጄ ይወስዱታል። ሥራ የሚበዛበት ሰው ነው፤ አይቶ ብቻ ይመለሳል።»

«‹አይቶ ብቻ›! ይህችን ቃል ስንት ጊዜ ሰማኋት!»

«እኔ ከምሳ በኋላ እዚህ መጥቼ እቀመጣለሁ። ሽማግሌዎቹ ቢቀድሙህ እንኳ እይዛቸዋለሁ።»

ለሌላ ሰው ቢሆን በሩን ይዘጉበት ነበር። ሀጂ ሰማን ግን፣ የጋሼ ነመራ የመጀመሪያ ልጅ በኩፍኝ ስትሞት፣ በዝናብ ውስጥ ጉድጓዱን ከቆፈሩት ሰዎች አንዱ ናቸው። እስላሙ ሰውዬ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ገብተው። ለእሳቸው «አይሆንም» ማለት ጋሼ ነመራ አይችሉም። ስለዚህ ኮርቻውን እያላጉ መጫን ጀመሩ።

እትዬ ዋሪቱ በሩ ላይ ቆመው አዩአቸው። «ሂድ፣ አባ ዓያንቱ፣ ሂድ። ሽማግሌዎቹን በቅሎዎቹ ይቀበሏቸዋል።»

«በቅሎዎቹን ይዤ እኮ ነው የምሄደው።»

«እንግዲያው ውሻው አለ።»

እንግዳው አቶ ወንድይራድ ይባላል። አርባ ያልሞላው፣ የከተማ ጫማ ያደረገ፣ ፎቶ ማንሻ አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ ሰው ነው። ቡሊት ላይ ከመውጣቱ በፊት ሰዓቱን አየ፤ ወጥቶም አየ። መቱን ሳይለቁ ጠየቀ፦

«አቶ ነመራ፣ ሩቅ ነው?»

«መንገድ ነው።»

«ማለቴ፣ ስንት ይፈጃል?»

«በቅሎዋን ልጠይቅልዎት?»

እንዲህ እየተባባሉ ሄዱ። በቅሎዎቹ ጭቃው ውስጥ እየተንሸራተቱ፣ ጥላ ዛፎቹ ላይ ጉሬዛዎቹ እየዘለሉ፣ ከላይ ውሃ እየተንጠባጠበባቸው። እንግዳው ሰዓቱን ባየ ቁጥር ጋሼ ነመራ ሰማዩን ያያሉ። ሰማዩ ግን እንደ ድስት ክዳን ተከድኗል፤ ፀሐይ የት እንዳለች የሚናገር አንድ ቀዳዳ የለውም። በቾን አልፈው፣ በቅሎዎቹን አስረው፣ በእግር ቁልቁል ወረዱ። እንግዳው ሁለት ጊዜ ወደቀ። ሁለተኛውን ጊዜ ጋሼ ነመራ በክንዱ አንሥተውት «ይህም ደርሶ መልስ ነው» አሉት።

ፏፏቴውን ከማየታቸው በፊት ሰሙት። ከዚያ ጫካው ተከፈተ። ወንዙ ከዚያ ሁሉ ከፍታ ራሱን ይወረውራል። ታች ያለው ቋጥኝ፣ ዛፉ፣ ሰዉ ሁሉ በጉሙ ይረጥባል። አምላክ ለማንም ሳያሳይ ስንት ዘመን እዚያ እንዳስቀመጠው ሳስበው ይገርመኛል።

አቶ ወንድይራድ ፎቶ አላነሣም። አንድ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ፤ ሰዓቱንም ረሳ። ጋሼ ነመራ ጥቂት ታገሡ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ቋጥኙን በበትራቸው ነካ ነካ አደረጉ። ኋላ ግን አልቻሉም።

«ጌታዬ፣ ውሃ ነው። ነገም ይወርዳል።»

«ነገ እኔ የለሁማ» አለ እንግዳው፣ ዓይኑን ሳይነቅል።

«ሥራ ይበዛብኛል ብለው አልነበር?»

«እሱማ ይበዛብኛል። ትንሽ ብቻ ይታገሡኝ።»

ያቺ ትንሽ ምን ያህል እንደ ነበረች ለመናገር ጋሼ ነመራ እስከ ዛሬ ቃል አላገኙላትም። ስትነሣባቸው ምራቃቸውን ይተፋሉ እንጂ።

በስንት ልመና ተነሥተው ዳገቱን ወጡ። በበቅሎ ተመልሰው ጅረቱን ሲሻገሩ የዳሚት ኮርቻ ማሰሪያ ጠፍር ተበጠሰ። ይኼኔ ጋሼ ነመራ፣ በችኮላ፣ ያቺን በኋላ ራሳቸውን ሲረግሙባት የኖሩትን ቃል ተናገሩ፦

«እርስዎ አይጠብቁኝ፤ ቀጥ ብለው ይሂዱ! እደርስብዎታለሁ!»

የኢሉባቦር መንገድ ቀጥ ብሎ አያውቅም። ትንሽ ራቅ እንዳለ መንታ አለ፤ ቀኙ ወደ መቱ፣ ግራው ወደ መንደር። እንግዳው ግራውን ያዘ። ማር በቅል ተሸክማ የምትመጣ ሴት አገኘና ለማረጋገጥ ያህል ጠየቃት፦ «እቴ፣ የመቱ መንገድ በዚህ ነው?»

ሴትዮዋ ደንግጣ እጇን አወናጨፈች፦ «ለኪ! ለኪ!»

ለማያውቅ ልንገር። በኦሮምኛ «ለኪ» ማለት «አይ፣ አይደለም» ማለት ነው። እንግዳው ግን የሰማው «ልክ! ልክ!» ነው። ባርኔጣውን አንሥቶ አመስግኖ፣ ቡሊትን ኮልኩሎ ቀጠለ። ሴትዮዋ ከኋላው እየጮኸች ቀረች፤ እሱም የአገሩ ሰው እንዴት ደግ ነው እያለ ሄደ።

መንገዱ እየጠበበ ሄዶ ከአንድ ሰው አጥር ሥር አለቀ። እዚያ አንድ ሽማግሌ ቡሉኮ ተከናንበው ብቻቸውን ተቀምጠዋል። ኦቦ ደበሳ ይባላሉ። አማርኛ እምብዛም አይሰሙም፤ ሰውን ማስቀየም ደግሞ አይወዱም። ስለዚህ አማርኛ ለጠየቃቸው ሁሉ «ኤዬ» ይላሉ። በኦሮምኛ «አዎ» ማለት ነው።

«አባቴ፣ ይኼ መንገድ መቱ ያደርሳል?»

«ኤዬ» አሉ፣ አንገታቸውን ዝቅ አድርገው። ቃሏን ሳብ አድርገው ነው የሚናገሯት።

እንግዳው ድምፃቸው አሳዘነው። በእኛ በአማርኛው እዬዬ ልቅሶ አይደለም?

«ምነው፣ ምን ሆኑ?»

«ኤዬ፣ ኤዬ።»

«ሰው ሞቶብዎት ነው?»

«ኤዬዬ።»

እንግዳው ከበቅሎው ወረደ። ባርኔጣውን አወለቀ። ሽማግሌው አጠገብ ጭቃው ላይ ቁጭ ብሎ «እግዜር ያጽናዎት» አለ። ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ሳቅ ብቻ ነበር። ግን ሰውየው ማልቀስ ጀመረ፤ የእውነት ልቅሶ፣ ትከሻን የሚያናውጥ። እናቱ ያን ዓመት አገር ቤት ሞታ፣ የቡና መግዣ ወቅት ነው፣ ሥራ በዝቷል ብሎ ቀብሯ ላይ አልደረሰም ነበር። ቀጥሎ ለሰልስቱ፣ ቀጥሎ ለአርባዋ እሄዳለሁ እያለ ሳይቀመጥላት ቀርቷል። ፏፏቴው ፊት ዝም ያሰኘው ይኸው ነበር።

ኦቦ ደበሳ ደነገጡ። እንግዳ ሰው ደጃቸው ላይ ያለቅሳል! ሚስታቸውን ጠሩ። ሚስታቸው ጎረቤት ጠሩ። «መንገድ ላይ ሰው የሞተበት እንግዳ መጣ» ተባለና ከየቤቱ ወጡ። ሴቶቹ ከበቡት፣ ወንዶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ተቀመጡ፣ ብርዝ መጣ፣ ቆሎ መጣ። እሱ እነሱን ሊያጽናና፣ እነሱ እሱን ሊያጽናኑ፣ አንዱ የሌላውን ሳይሰማ ተያይዘው ያለቅሳሉ።

ጋሼ ነመራ ጠፍሩን በልጥ ገመድ ቋጥረው፣ መንታው ላይ የቡሊትን ኮቴ አይተው፣ እየተራገሙ ደረሱ። የሚያዩትን ማመን አቃታቸው።

«ምንድን ነው ይኼ? ማን ሞተ?»

«ያንተ እንግዳ ሰው ሞቶበታል» አሏቸው በኦሮምኛ።

«የነሱ ነው የሞተው» አለ እንግዳው፣ ዓይኑን እየጠረገ።

ጋሼ ነመራ ግራና ቀኝ ጠየቁ። ነገሩ ሲገባቸው እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጫኑ። «አዎ ያለህን ሰው ታለቅሳለህ! አይ ያለችህን ሴት ታመሰግናለህ! ወይ ጣጣ! ወይ የኔ ጣጣ!»

ሆኖም ልቅሶው ልቅሶ ነው። የተቀመጠ ሰው ትቶ መሄድ በእኛ አገር የለም። ሰውየው ደግሞ «እናቴ» እያለ ነው። ጋሼ ነመራ እያበጡ፣ ጥርሳቸውን እያፋጩ፣ ተቀመጡ። ብርዝ ሰጧቸው፤ ጠጡ። ሁለተኛ ቀዱላቸው። ሦስተኛውን ሲቀዱ ግን ዋንጫውን መሬት አስቀምጠው ወደ መንገዱ አዩ። ኦቦ ደበሳ አዩና «ነመራ፣ አንተ ደግሞ ምን ሆነሃል?» አሏቸው።

«ልጄን ሊጠይቅ ሽማግሌ ደጄ ቆሟል! ሦስተኛው ነው! እኔ እዚህ ያልሞተ ሰው አለቅሳለሁ!»

ይህን ያሉት በኦሮምኛ ነው። እንግዳው «ምን አሉ?» ብሎ ጠየቀ፤ ትንሽ አማርኛ የሚሞክር አንድ ሰው ነገረው።

«ለምን አልነገሩኝም?» አለ እንግዳው፣ ብድግ ብሎ።

«መቼ ጠየቁኝ? ‹ስንት ቀረን› ብቻ አይደለም እንዴ የጠየቁኝ?»

«ይሂዱ! አሁኑኑ ይሂዱልኝ!»

«እንግዳ ጥዬ ልግባ? በኋላ ሰው ምን ይለኛል?»

ኦቦ ደበሳ በበትራቸው መሬቱን መቱ። «እንግዳው የእኔ ነው። አብሮኝ ያለቀሰ ሰው ነው። እኔ ራሴ አደርሰዋለሁ። አንተ ሂድ፤ ልጅህ ትበልጣለች።»

ጋሼ ነመራ ዳሚት ላይ ዘለሉ።

መቱ ላይ ሽማግሌዎቹ ደርሰው ነበር። ሦስት ናቸው። ትልቁ ኦቦ አራርሳ ረጅም፣ ቀጭን፣ ምላሳቸው የሚቆርጥ ሰው ናቸው። ከበሩ ፊት ቆሙ። ዝናቡ ያካፋል። እትዬ ዋሪቱ ሊያስቀምጧቸው አይችሉም፤ ያ ቃል የባልየው ነው። ሀጂ ሰማን ብቻ እየተንቆራጠጡ ያዋሯቸዋል።

«ባለቤቱ አሁን ይደርሳል።»

«ከየት?» አሉ ኦቦ አራርሳ።

«ከሶር።»

«ዛሬ? ምን ሊያደርጉ?»

ሀጂ ሰማን ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እንግዳ ፏፏቴ ሊያሳይ።»

ኦቦ አራርሳ ወደ ጓደኞቻቸው ዞሩ። «ሰማችሁ? ውሃ ሲወርድ ሊያዩ ሄደዋል። እኛ ደግሞ እዚህ ቆመን ውሃ ሲወርድብን ይዩን።»

ቆሙ። ነጠላቸው ራሰ። ምላሽ የሌለው ደጅ መቆም ሽማግሌን ከዝናብ ይበልጥ ያበሰብሰዋል። ዓያንቱ ከበሩ ኋላ ሆና መቃኑን ይዛለች፤ ጣቶቿ ነጭ ሆነዋል።

«እማ» አለች ቀስ ብላ፣ «አባዬ አይፈልግም ማለት ነው?»

«አባትሽ የሚፈልገውን ነገር ተናግሮ ያውቃል?» አሉ እትዬ ዋሪቱ። ድምፃቸው ግን ተሰብሮ ነበር።

ከሽማግሌዎቹ አንዱ በመጨረሻ «ፀሐይ ገብታለች፤ እንሂድ» አለ።

«የትኛዋ ፀሐይ?» አሉ እትዬ ዋሪቱ። «ከመስቀል ወዲህ ያያት ማን ነው?»

እውነታቸውን ነው። ሰማዩ ከጠዋት ጀምሮ አንድ ዓይነት ነው፤ ፀሐይዋ ትግባ አትግባ የሚለይ ሰው የለም። አንዱ ገብታለች፣ ሌላው ገና ናት ይላል። ኦቦ አራርሳ ወደ ሀጂ ሰማን ዞሩ።

«ሀጂ፣ እርስዎ በረመዳን ይህችን ሰዓት ሲጠብቁ የኖሩ ሰው ነዎት። በእሷ አይዋሹም። ገብታለች ወይስ አልገባችም?»

ሀጂ ሰማን ፊታቸው ተለዋወጠ። ጠዋት ጋሼ ነመራን የላኩ እሳቸው ናቸው። «አልገባችም» ማለት ይቀላቸው ነበር። ግን ሰማዩን አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«እኔ በዓይኔ አልፈርድም» አሉ። «መስጊዳችን እዚያ ማዶ ነው። አዛን ሲባል ገብታለች። እስኪባል አልገባችም። ከዚህ ሌላ አላውቅም።»

«ይሁን» አሉ ኦቦ አራርሳ። «እኛም ከደጁ ላይ ሆነን አዛን አንጠብቅም፤ መንገዱ ላይ እንጠብቃለን።» ከግቢው ወጥተው ወደ ሁሩሙ መንገድ ዞረው ቆሙ።

እኔ በልቤ ጸሎት እያደረስኩ ነበር። ምን ብዬ እንደ ጸለይኩ አላስታውስም፤ የሙአዚኑ ጉሮሮ ትንሽ ይያዝ ብዬም ሊሆን ይችላል። እግዜር ይቅር ይበለኝ።

መጀመሪያ የሰማነው ማጉረምረም ነው። ከታች፣ ከወንዙ ዳገት በኩል፣ «ሂጂ እንጂ አንቺ... ወይ ጣጣ... ወይ የኔ...» የሚል። ከዚያ ታዩ። ዳሚት ዳገቱ ላይ እምቢ ብላቸው ወርደው በእግራቸው ይሮጣሉ፤ ልጓሟን ይዘው ይጎትቷታል። አንድ ጫማ የላቸውም። እስከ ወገባቸው ጭቃ ነው። በዚያ ዕድሜያቸው እንዲያ ሲሮጡ አይቼ አላውቅም።

ኦቦ አራርሳ ያዩአቸው ነበር። ጓደኛቸው ወደ ጆሯቸው ጠጋ ብለው «ሊከለክል የሚመጣ ሰው እንዲህ ይሮጣል?» አሉ።

ጋሼ ነመራ ደረሱ። ሊናገሩ አፋቸውን ከፈቱ፤ ትንፋሽ የለም። እንደገና ከፈቱ። ሽማግሌዎቹን፣ የራሰ ነጠላቸውን፣ ወደ መንገድ የዞረ ፊታቸውን አዩ። ቀኑን ሙሉ የተጠራቀመው ሁሉ ገነፈለባቸው።

«ሰው ዝናብ ላይ ተገትሮ ይውላል እንዴ?» ብለው ጮኹ። «ታኣ! ታኣ እንጂ! ተቀመጡ!»

በዚያችው ቅጽበት ከማዶ «አላሁ...» የሚል ድምፅ ተነሣ።

ሁሉም ሀጂ ሰማንን አዩ። ሀጂ ሰማን አፋቸውን ከፈቱ፤ ምን ሊሉ እንደ ነበር እስከ ዛሬ ጠይቄአቸው አልነገሩኝም። ኦቦ አራርሳ፣ ያ ረጅም ሰው፣ ቀድመዋቸው መንገዱ ዳር ያለ አንድ ድንጋይ ላይ፣ ጭቃው ውስጥ እግራቸውን ዘርግተው ተቀምጠው ነበር።

«እኔ የሰማሁት ነመራን ነው» አሉ። «ከሙአዚኑ ይልቅ ይጮኻሉ።»

ሁለቱም ጓደኞቻቸው ከጎናቸው ተቀመጡ።

ጋሼ ነመራ ምን እንዳደረጉ የገባቸው ያኔ ነው። ቆመው አዩአቸው፣ ከዚያ ደግሞ ደነገጡ። «ምን እያደረጋችሁ ነው? ኧረ ተነሡ፣ ጭቃ ነው! ቤት የለኝም እንዴ? በረንዳ የለኝም?»

«ካስቀመጡን በኋላ አያስነሡንም» አሉ ኦቦ አራርሳ።

«ሰው ይታዘበኛል! ልጁን መንገድ ላይ ዳረ ይባላል! ዋሪቱ! ወንበር! ኧረ ወንበር አምጪ!»

እትዬ ዋሪቱ ወንበር ሊያመጡ ገቡ፤ ግን መንገድ ላይ እንባቸው ቀደማቸውና ወንበሩን ይዘው በሩ ላይ ቆሙ። ዓያንቱ ከእጃቸው ተቀበለቻቸው። ልጅ በዚህ ቀን ለሽማግሌ መታየት የለባትም። ግን ራሷን ሸፍና፣ እየሮጠች ወጣችና ወንበሩን አባቷ እግር ሥር አስቀመጠችው። አባቷም፣ እንደ ልማዳቸው፣ «ይህችን ደግሞ ማን ጠራት?» እያሉ ወንበሩ ላይ ዘፍ አሉ። ሽማግሌዎቹ ጭቃው ላይ፣ ባለቤቱ ወንበሩ ላይ። ሀጂ ሰማን ይህን ትተው ወደ መስጊድ ሊሄዱ ሲሉ ጋሼ ነመራ እጃቸውን ያዟቸው።

«አንተ ደግሞ ወዴት? ይኼ ሁሉ የመጣው ባንተ ነው።»

«ልስገድ፤ እመለሳለሁ።»

«ስትሰግድ ስለ እኔም አንድ ነገር በል» አሉ ጋሼ ነመራ፣ ጫማ የሌለውን እግራቸውን እያሹ። ድምፃቸው ከሌላው ቀን ዝቅ ያለ ነበር። «የምትለውን አንተ ታውቃለህ።»